ስልክ የትልልቅ ጌሞች መቃብር አይደለም

ሰሞኑን በቴሌግራም ግሩፖች ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል፤ የላኩልኝ ሰዎች አብዛኞቹ «እውነቱን ነው!» የሚል ጨምረውበታል። ጽሑፉ ትልልቅ ስም ያላቸው ጌሞች ወደ ስልክ ወይም በእጅ ወደሚያዙ የጌም መሣሪያዎች ሲመጡ ከሽፈዋል፣ ወደፊትም መክሸፋቸው አይቀርም ይላል። ጸሐፊው ጌም ከልባቸው የሚወዱ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። አጻጻፋቸውም ደስ ይላል። ድምዳሜያቸው ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ልጆችንም ያለ ጥፋታቸው ዝቅ የሚያደርግ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያሉትን በትክክል ላስቀምጥ። ክርክራቸው አምስት ነገር ላይ ቆሟል። አንደኛ፣ ተች ስክሪን ጆይስቲክን ስለማይተካ ከባድ ጌም በጣት አይመራም። ሁለተኛ፣ እንደ ፒኤስፒ፣ ቪታና ስዊች ያሉ የእጅ መሣሪያዎች አቅማቸው ትንሽ ስለሆነ የሚደርሳቸው ፍርፋሪ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ማስረጃው ዓይናችን ፊት ነው፤ ዋርዞን ሞባይል፣ ኤፔክስ ሌጀንድስ ሞባይልና ባትልፊልድ ሞባይል ሞተዋል። አራተኛ፣ ስልክ ላይ ገንዘብ የሚገኘው ተጫዋቹን በማለብ ብቻ ስለሆነ ጌሙ መበላሸቱ የማይቀር ነው። አምስተኛ፣ ስልክ ላይ የሚጫወት ሰው ጊዜ ይገድላል እንጂ ጌመር አይባልም።

የጽሑፉ ሸክም ያረፈው ሦስተኛው ነጥብ ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሦስቱም ጌሞች ዛሬ ገበያ ላይ የሉም። ይህ እውነት ነው። ዋርዞን ሞባይል በ2024 ወጥቶ በ2025 ከመተግበሪያ መደብሮች ተነሳ። ጸሐፊው የዘለሉት ነገር ግን አለ። ዋርዞን የታዋቂው የተኩስ ጌም የኮል ኦፍ ዲዩቲ ቤተሰብ ነው። ያው ኮል ኦፍ ዲዩቲ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ስልክ ላይ ሌላ ጌም አለው፤ ስሙም ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞባይል ነው። በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዷል። የጌሙ ባለቤት አክቲቪዥን ዋርዞን ሞባይልን ሲያነሳ ተጫዋቾቹን የሸኛቸው ወደዚሁ ጌም ነው። ባለቤቱ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ስልኩም አንድ ነው። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ቆመ። ጥፋቱ የስልኩ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በሞቱ ነበር።

ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው።

ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞባይልን የሠራው የቻይናው ኩባንያ የቴንሰንት ስቱዲዮ የሆነው ቲሚ ነው። ቲሚዎች ከትልቁ ጌም ላይ ቆርጠው አላመጡትም። የድሮዎቹን ትንንሽና ሰው የሚወዳቸውን ካርታዎች መረጡ፤ ኑክታውን አለ፣ ክራሽ አለ። አንድ ጨዋታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ ጀምረህ ወረፋህ ሳይደርስ የምትጨርሰው ነው። ጌሙ ገና ሲወጣ 2 ጊጋ ራም ባለው አንድሮይድ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የወጣው። ተኩሱን የሚያዙበትን መንገድ ደግሞ ሁለት አደረጉት። በቀላሉ መንገድ፣ ኢላማህ ጠላት ላይ ሲያርፍ ጠመንጃው ራሱ ይተኩሳል። በከባዱ መንገድ፣ አንተ ራስህ ቁልፉን ትነካለህ። ጀማሪው በመጀመሪያው ገብቶ እጁ ሲፍታታ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ይህ ተች ስክሪን ምን እንደሚያስቸግር ቁጭ ብሎ ያሰበ ሰው ሥራ ነው።

ዋርዞን ሞባይል የተነሳው ከተቃራኒው ሐሳብ ነው። የገባው ቃል «ኮንሶልና ኮምፒውተር ላይ ያለው ራሱ ኪስህ ውስጥ ይገባል» የሚል ነበር። ሰፊው የቨርዳንስክ ካርታ፣ 120 ተጫዋች፣ ከትልቁ ጌም ጋር የተያያዘ አካውንት ይዞ መጣ። ያየነው ግን ስልኩ ይግላል፣ ባትሪው ዓይንህ እያየ ያልቃል፣ ጥሩ በሚባል ስልክ ላይ እንኳ ግድግዳውና ሣሩ ይደበዝዛል። አክቲቪዥን ራሱ ሲያነሳው፣ በዋናነት ስልክ ላይ በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም ብሏል። ትልቁን ጌም አጥቦ ስልክ ውስጥ ማስገባትና ለስልክ የሚሆን ጌም መሥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የክርክሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

የኤፔክስ ጉዳይ ደግሞ ለየት ይላል። ኤፔክስ ሌጀንድስ ሞባይል በ2022 ወጣ። በዚያው ዓመት አፕል የዓመቱ ምርጥ የአይፎን ጌም ብሎ ሸለመው። ዓመቱ ሲለወጥ የጌሙ ባለቤት ኢኤ እንደሚዘጋው አስታወቀ፤ በሜይ 2023 ተዘጋ። የተሰጠው ምክንያት አዳዲስ ይዘት በሚፈለገው ጥራት፣ መጠንና ፍጥነት ማቅረብ አልተቻለም የሚል ነበር። እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር እሰጣለሁ። ስልክ ላይ ያለው ፉክክር ምሕረት የለውም፤ በየወሩ አዲስ ነገር ካላቀረብክ ተጫዋቹ ይሄዳል። ይህን የሚችል ኩባንያ ጥቂት ነው። ይህ ግን የአቅምና የፍላጎት ጥያቄ ነው፤ «ትልቅ ስም ስልክ ላይ አይሆንም» ለሚለው ማስረጃ አይሆንም። ባትልፊልድ ሞባይል ደግሞ ሙከራ ላይ እያለ ነው የተሰረዘው። በይፋ ያልወጣ ጌም ገበያ ላይ ወደቀ አይባልም።

ፐብጂስ? ጸሐፊው ስለ ስልክ ጌም ያን ሁሉ ገጽ ጽፈው ፐብጂ ሞባይልን አንዴም አላነሱም። ኮምፒውተር ላይ የተወለደ ጌም ነው፣ በ2018 ወደ ስልክ መጣ፣ በ2021 ከቻይና ውጭ ብቻ ከ1 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ወርዶ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ልጆች «ፐብጂ» ሲባል የሚያውቁት የስልኩን ነው። ኮምፒውተር ላይ እንዳለ የማያውቅም ሞልቷል። ይህን ምሳሌ ትቶ ስለ ውድቀት መጻፍ ሚዛኑን ያዛባል።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥብ፣ ወደ ጣቱ።

ማውስ ከአውራ ጣት ይበልጣል። በዚህ አልከራከርም። ፐብጂ ሞባይልም ይህን ያውቃል፤ ኮምፒውተር ላይ በኢሙሌተር (ሌላ መሣሪያን አስመስሎ ጌሙን በሚያስኬድ ፕሮግራም) የሚጫወተውን ለብቻው ያሰልፈዋል እንጂ ከስልክ ተጫዋቾች ጋር አይቀላቅለውም። እውነተኛው ጥያቄ «ጣት ከማውስ ይበልጣል ወይ?» አይደለም። «በጣት የሚደረገው ጨዋታ ችሎታ የሚጠይቅ፣ የሚጥም፣ ሰው የሚያሸንፍበትና የሚሸነፍበት ነው ወይ?» ነው። 

አንድ ቀን ካፌ ውስጥ ፐብጂ የሚጫወት ጎበዝ ልጅ አጠገብ ተቀምጣችሁ እጁን እዩ። ሁለቱ አውራ ጣቶች ከታች ናቸው፤ አንዱ ያስሮጣል፣ አንዱ ያዞራል። ሁለቱ ሌባ ጣቶች ከላይ ታጥፈው ስክሪኑን ይነካሉ፤ አንዱ ይተኩሳል፣ አንዱ ኢላማ ይከፍታል። ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ላይ ይዘላል፤ ልጁ ስልኩን ራሱን በትንሹ ወደ ታች ዘንበል እያደረገ ይመልሰዋል፤ የስልኩን መዘንበል የሚያነበውን ጋይሮስኮፕ እየተጠቀመበት ነው። ጌሙ ደግሞ የእግር ኮቴና የተኩስ አቅጣጫ ትንሿ ካርታ ላይ ያሳየዋል፤ ሁሉም ሰው ጥሩ ኢርፎን እንደሌለው ስለሚያውቅ። ይህን የተካነ ልጅ ያንን ደረጃ ያገኘው ብዙ ሰዓት ለፍቶ ነው።

የመቆጣጠሪያ ጉድለት ጌምን ይገድላል ለሚለው ደግሞ ከሞንስተር ሀንተር የተሻለ መልስ አላውቅም። ካፕኮም ይህን ጌም መጀመሪያ ያወጣው በ2004 ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ነው። ጃፓንን ያጥለቀለቀው ግን ወደ ፒኤስፒ ከመጣ በኋላ ነው። ፒኤስፒ ደግሞ ለዚህ ጌም የሚመች አልነበረም። ሁለተኛ ስቲክ የለውም። መራመጃው በግራ ነው፤ ካሜራውን የሚያዞሩት የቀስት ቁልፎችም እዚያው በግራ ናቸው። ስለዚህ ተጫዋቾች በግራ አውራ ጣታቸው እየሮጡ የግራ ሌባ ጣታቸውን እንደ ጥፍር አጥፈው በቀስቶቹ ካሜራውን ያዞሩ ነበር። ያማል። ቢሆንም በ2010 ለፒኤስፒ የወጣው ሞንስተር ሀንተር ጃፓን ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ለምን? አራት ሰው አራት ፒኤስፒ ይዞ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። አንዱን ግዙፍ አውሬ አራቱ አብረው ያድናሉ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይጮህበታል። ተማሪው ከትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ይህን ነበር የሚያደርገው። ሳሎን ያለ ኮንሶል ይህን መስጠት አይችልም ነበር። ትንሿ መሣሪያ ጌሙ ያልነበረውን ነገር ጨመረችለት። ያ ስም ለዓመታት በእጅ መሣሪያዎች ላይ ሲያድግ ኖሮ ነው በ2018 ሞንስተር ሀንተር ወርልድ ትልልቆቹ ኮንሶሎች ላይ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው።

ይህ ሁለተኛውን ነጥብም ግማሽ መንገድ መልሶታል። «የእጅ መሣሪያ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው» የሚለው አንዳንዴ እውነት ነው፤ የቪታን ነገር ጸሐፊው በትክክል ነው ያነሱት። በ2012 ለቪታ የወጣው ብላክ ኦፕስ ዲክላሲፋይድ የሚባለው ኮል ኦፍ ዲዩቲ ዘመቻው አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ የሚያልቅ፣ ተቺዎች በአንድ ድምፅ የጣሉት ጌም ነበር። ስሙ ትልቅ ነበር፣ ሥራው ግን ችኮላ ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ የቪታ ሜሞሪ ካርድ የሠሪው የሶኒ ብቻ ስለነበረ ውድ ነበር። ቪታ የወደቀው በብዙ ነገር ተደማምሮ ነው።

ግን በአንድ ቪታ ምክንያት ፖክሞንን እንርሳ? ፖክሞን በ1996 ጌም ቦይ ላይ፣ በዚያች ቀለም በሌላት ትንሽ ስክሪን ላይ ተወለደ። የዓለማችን ትልቁ የጌም ስም ከሚባሉት አንዱ መነሻው ኮንሶል አይደለም። የድራጎን ክዌስት ዋናው ተከታታይ ዘጠነኛ ክፍል በ2009 ኒንቴንዶ ዲኤስ ላይ ወጣ። ያ የጎን ጌም አልነበረም፤ ራሱ ዘጠነኛው ነው። ስዊችን ደግሞ ሰዎች ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድን ይዘው አውቶቡስ ውስጥ ሲጫወቱበት አይተናል። ያ ጌም በ2017 ከመሣሪያው ጋር አብሮ የወጣና ብዙዎች ከዘመኑ ምርጥ ጌሞች አንዱ የሚሉት ነው። ኮምፒውተር የሚያስጨንቀው ዘ ዊቸር 3 እንኳ በ2019 ከነተጨማሪ ክፍሎቹ 32 ጊጋ በሆነች የስዊች ካርድ ውስጥ ገባ። ምስሉ ደብዘዝ ብሏል፤ አዎ። ታሪኩ ግን ሙሉ ነው፣ ከተማውም አለ፣ ፈረሱም ይጋልባል።

አራተኛው ነጥብ፣ ገንዘቡ፣ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ የተናደዱት በደንብ ነው፤ እኔም እናደዳለሁ።

ኢኤ በ2014 ዳንጀን ኪፐር የተባለውን የ1997 ተወዳጅ ጌም ወደ ስልክ ሲያመጣ ያደረገውን ማየት ይበቃል። ጌሙ ዋሻ የመቆፈር ጌም ነው። ስልኩ ላይ ግን ጠንካራውን አንድ ድንጋይ ለመቆፈር እስከ 24 ሰዓት መጠበቅ አለብህ፤ መጠበቅ ካልፈለግክ ትከፍላለህ። ጌሙ መቆፈር፣ ክፍያውም ለመቆፈር! የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት «ነፃ» የሚለው ማስታወቂያቸው አሳሳች ነው ብሎ ከልክሎታል። የትልቁ ዲያብሎ የስልክ ጌም የሆነው ዲያብሎ ኢሞርታልም አለ። በ2018 ብሊዛርድ ሲያስተዋውቀው አዳራሹ አጉረመረመ፤ በ2022 ሲወጣ ደግሞ ገጸ ባሕርይን በገንዘብ የማጠንከሩ ነገር ሰውን አስቆጣ። በቤልጂየምና በኔዘርላንድስ በዕድል ሣጥን (ከፍለህ ምን እንደሚወጣልህ ሳታውቅ የምትከፍተው) ሕግ ምክንያት ጭራሽ አልወጣም። እነዚህን ማንም አይከላከልላቸውም።

ነገር ግን ይህ ኃጢአት የስልክ ብቻ ነው? ቤት ውስጥ በትልቁ ፕሌይስቴሽን ፊፋ የሚጫወት ሰው ይመስክር። የአልቲሜት ቲም ፓኮች ምንድን ናቸው? ገንዘብ ከፍለህ ማን እንደሚወጣልህ ሳታውቅ ትከፍታለህ። ቤልጂየም ውስጥ ኢኤ በ2019 ፓኮቹ የሚገዙበትን የፊፋ ፖይንት መሸጥ ያቆመው በስልክ ጌም ምክንያት አልነበረም። በ2017 ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2 ላይ በዕድል ሣጥን የተነሳው ቁጣም የኮንሶልና የኮምፒውተር ተጫዋቾች ቁጣ ነበር። ተጫዋቹን የሚያልብ ኩባንያ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ያልባል። በሌላ በኩል ማይንክራፍት ከ2011 ጀምሮ ስልክ ላይ አለ፤ አንዴ ትገዛዋለህ፣ ትጫወታለህ። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ በ2013 ወደ ስልክ የመጣው እንዲሁ አንዴ ተከፍሎበት ነው።

እዚህም ላይ ሳልሸፋፍን የምቀበለው ነገር አለ። ስልክ ላይ በአንዴ ክፍያ የሚሸጥ ትልቅ ጌም ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ሱፐር ማሪዮ ረን በ2016 የመጀመሪያ ክፍሎቹ በነፃ፣ የቀረው በ10 ዶላር ገደማ የሚከፈት ሆኖ ወጥቶ፣ ብዙ ሰው አውርዶት፣ ኒንቴንዶ ራሱ ትርፉ እንደጠበቅነው አልሆነም ብሏል። ይህ የኩባንያዎችን እጅ ወደ መጥፎው መንገድ ይገፋል፤ ጸሐፊው ይህን ማየታቸው ትክክል ነው። «የስልክ ሰው አይከፍልም» የሚለውን ግን በእኛ አገር ዓይን ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ያለ ልጅ ዶላር የሚከፍልበት ካርድ የለውም። ቢኖረው እንኳ ለአንድ ጌም 10 ዶላር ማለት ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ማለት ነው። ቢሆንም የፐብጂ ዩሲ (ጌሙ ውስጥ ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ) የሚሸጡ ልጆች ቴሌግራም ላይ ሞልተዋል፤ በቴሌብር ትልካለህ፣ ዩሲው አካውንትህ ላይ ይገባል። መንገድ ሲገኝ ሰው ይከፍላል።

ይህ ወደ አምስተኛው ያመጣኛል። ጽሑፉን እንድጽፍ ያስነሳኝም እሱ ነው። «የስልክ ተጫዋች ጌመር አይደለም።»

በ2023 በቻይናዋ ሀንግዡ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች ፐብጂ ሞባይል ሜዳሊያ የሚያሰጥ ውድድር ነበር። ልጆች ለአገራቸው ማሊያ ለብሰው፣ ስልክ ይዘው ተወዳደሩ፤ ወርቁን ቻይና ወሰደች። እነዚያን ልጆች ጊዜ ገዳይ ልንላቸው ነው?

ግን እስከ ቻይና መሄድ አያስፈልግም። የአንድ ኮንሶል ዋጋ እዚህ አገር ስንት እንደሆነ የጠየቀ ሰው ያውቃል። እኛ ፕሌይስቴሽንን የምናውቀው በአብዛኛው ከጌም ቤት ነው፤ በጨዋታ ከፍለህ፣ ተራህን ጠብቀህ፣ የተበላሸ ጆይስቲክ እንዳይደርስህ እየተሻማህ። የተሸነፈ ይነሳል። የእግር ኳስ ጌሙን ፒኢኤስን እዚያ ተምረን፣ ስልክ ሲመጣ እዚያው ስልክ ላይ አገኘነው፤ አሁን ኢፉትቦል ተብሎ። ሌላም አለ። ፒፒኤስኤስፒፒ የሚባለውን ኢሙሌተር አንድሮይዱ ላይ ያልጫነ የሰፈር ልጅ ፈልጉ። የሚጫወቱበት ምንድን ነው? የፒኤስፒው ፒኢኤስ፣ ጂቲኤ ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ፣ ቫይስ ሲቲ ስቶሪስ። ፋይሎቹ በአብዛኛው ያለ ፈቃድ የሚዞሩ ናቸው፤ ይህን አላጸድቅም። ነገሩ ግን የሚያሳየው አለ። ጸሐፊው «ፍርፋሪ» ያሏቸው የፒኤስፒ ጌሞች ከወጡ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይተው፣ የተሠሩበት መሣሪያ ከገበያ ከጠፋ በኋላ፣ ዛሬም በየሰፈሩ ሰው ያጨቃጭቃሉ። ለትንሽ መሣሪያ ተብለው ስለተሠሩ ቀላል ስልክ ይሸከማቸዋል። 

ለዚህ ልጅ ስልኩ ትርፍ መሣሪያ አይደለም። ያለው ኮንሶል እሱ ነው። የዳታ ፓኬጁን ቆጥቦ፣ መብራት ሳይጠፋ ቻርጅ አድርጎ፣ ማታ ከስኳዱ ጋር ይገባል። አንዱ ጎንደር፣ አንዱ አዳማ፣ አንዱ ደግሞ ሪያድ ሆኖ። ፒንግ (የኔትወርኩ ምላሽ) ሲበላሽ ይናደዳል፣ ራንክ ሲወርድ ያዝናል። ጌመር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ክፍል እንደሚጽፉ ተናግረዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃቸው። ኤፔክስ ሞባይል ሲዘጋ ተጫዋቾቹ በገንዘባቸው የገዟቸው ልብሶችና ጠመንጃዎች አብረው ጠፍተዋል። ያን ያጠፋው የስክሪኑ ማነስ አይደለም፤ አንድ ኩባንያ ሰርቨር ለመዝጋት የወሰነው ውሳኔ ነው። ኮምፒውተርና ኮንሶል ላይም ይኸው እየሆነ ነው። ከፍሎ የገዛ ሰው ጌሙ ሲዘጋበት ምን መብት አለው? በዚህ ላይ ቢጽፉ ከፊታቸው ሳይሆን ከጎናቸው ቆሜ ለሁሉም ግሩፕ አጋራላቸዋለሁ።